የአፈር ግድብና የወባ በሽታ

በገጠር ከአፈር የሚሠራ ትንሽ ግድብ የክረምቱን ጎርፍ አቁሮ ለበጋ ያቆያል፤ ከብት ያጠጣል፤ እርሻም ያለማል። ይሁን እንጂ ጥንቃቄ ካልታከለበት ወባን ያስከትላል። በትግራይ የተደረገና እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1999 የታተመ ጥናት እንደሚያስረዳው፣ ከግድብ 3 ኪሎ ሜትር በማይርቁ መንደሮች የሚኖሩ፣ ዕድሜያቸው ከ10 ዓመት በታች የሆነ ልጆች፣ ከ8 እስከ 10 ኪሎ ሜትር ርቀው ከሚኖሩት ሰባት እጥፍ ያህል በወባ ተይዘዋል።

የወባ ትንኝ ከሰፊው ውሃ ይልቅ ፀሐይ በሚመታው ትንሽ ኩሬ መራባትን ትወዳለች። ስለዚህ ከግድቡ ሥር እየሰረገ የሚወጣውን ውሃ በቦይ ማፍሰስ፣ የከብት ኮቴ የፈጠረውንም ጉድጓድ መድፈን፣ ሌሊትም በአጎበር ውስጥ መተኛት ይገባል።

መምህራን ሆይ፤ የትንኝ እጭ በኩሬው ውስጥ እንዴት እንደሚታወቅ ለተማሪዎቻችሁ አሳዩ። ግድቡ ይሠራ፤ ጠባቂም ይኑረው።