ሰገራ ላይ የሚታይ ደም ሁሉ ኪንታሮት አይደለም!

ዛሬ ብዙ ሰው ለመናገር ስለሚያፍርበት ጉዳይ እናውራ።

ለምሳሌ ከኮላ ድባ የመጡ የ55 ዓመት አባት እንበል። ለወራት ሰገራቸው ላይ ደም ያያሉ። ጎረቤት «ኪንታሮት ነው» ይላቸዋል፤ ቅባት ይቀባሉ፣ የአሜባ መድኃኒትም ሁለት ሦስቴ ይወስዳሉ። ሆስፒታል ሲደርሱ ክብደታቸው ቀንሷል፣ ደማቸውም ወርዷል። ኪንታሮቱ እውነትም ሊኖርባቸው ይችላል። ግን ኪንታሮት አለ ማለት ካንሰር የለም ማለት አይደለም፤ ሁለቱ አብረው ሊገኙ ይችላሉ።

ታዲያ ሐኪም እንዴት ይለያል?

👉 ጥያቄ፦ ደሙ ደማቅ ነው ወይስ ጥቁር? ሰገራ የመውጣት ልማድዎ ተቀይሯል? ክብደት ቀንሰዋል? በቤተሰብ የአንጀት ካንሰር ነበር?

👉 በጣት የሚደረግ የፊንጢጣ ምርመራ፦ የሚፈልገው ጓንትና ቅባት ብቻ ነው፤ ደቂቃዎች አይፈጅም። ፊንጢጣ ውስጥ ያለ እብጠት በዚህ ሊገኝ ይችላል። አትፈሩት!

👉 የሰገራና የደም ምርመራ፦ አሜባ ተገኝቶ ታክሞም ደሙ ካልቆመ ምርመራው መቀጠል አለበት። ወንድ ወይም የወር አበባዋ የቆመ ሴት በአይረን እጥረት ደም ማነስ ከያዛቸው፣ አይረን ሰጥቶ መሸኘት አይበቃም፤ ከየት እንደሚደማ መፈለግ አለበት።

👉 ኮሎኖስኮፒ፦ ለዚህ ሪፈር ተጽፎልዎ ጎንደር ወይም ሌላ ከፍተኛ ሆስፒታል ይሄዱ ይሆናል። ካሜራ ባለው ቀጭን ቱቦ ትልቁ አንጀት ይታያል፤ ከተጠረጠረው ቦታም ናሙና (ባዮፕሲ) ይወሰዳል። ካንሰር፣ የአንጀት ቲቢና ክሮንስ የሚባለው የአንጀት ቁስለት በዓይን ሊመሳሰሉ ስለሚችሉ ባዮፕሲው ወሳኝ ነው። የባዮፕሲ ውጤታችሁን ሳትቀበሉ እንዳትቀሩ!

👉 ሲቲ ስካን፦ ካንሰር ከሆነ ወደ ጉበት ወይም ሳንባ መሰራጨቱን ለማየት ይረዳል። ደረጃው ከ1 እስከ 4 ነው። ደረጃ 1 ላይ ከተደረሰበት ብዙውን ጊዜ በቀዶ ሕክምና ብቻ ይድናል። ለዚህ ነው ቶሎ ኑ የምንለው።

⚠️ ድንገት ሆድ ከተነፋ፣ ፈስም ሰገራም እምቢ ካለ፣ ካስመለሰ፦ አንጀት ተጠምዝዞ ወይም ተዘግቶ ሊሆን ስለሚችል ለነገ አይባልም፤ በዚያው ሰዓት ሆስፒታል!

«ወጣት ነኝ» ብላችሁም አትዘናጉ። አሜሪካ ውስጥ መደበኛ ቅድመ ምርመራ የሚጀመርበት ዕድሜ በ2021 እ.ኤ.አ. ከ50 ወደ 45 ዝቅ ብሏል፤ በወጣቶች ላይ መጨመሩ ስለታየ።

እናት አባቶቻችን ይህን አፍረው አይነግሩንም። እስኪ ዛሬ ደውላችሁ ጠይቋቸው። ሼር በማድረግም ለሌሎች አድርሱ።