ክብደት ለመቀነስ ለሚሮጡና ብረት ለሚያነሡ

በልደታ ሠፈር ማለዳ ሮጠው ማታ ብረት የሚያነሡ ሰዎች፥ «ምን ኪኒን ልጨምርበት?» እያሉ ይጠይቃሉ። ብረት ማንሣት ሰውነት ሲከሳ ጡንቻው አብሮ እንዳያልቅ ይረዳል፤ ለዚህ የሚያሻው ፕሮቲን ግን በቆርቆሮ ከሚሸጠው ዱቄት ይልቅ ከምስር ወጥ በርካሽ ይገኛል፤ 100 ግራም ደረቅ ምስር 24 ግራም ያህል አለውና። ክሬያቲን ጉልበት ቢጨምርም፥ ጡንቻ ውሃ እንዲይዝ ስለሚያደርግ ሚዛኑ ከፍ ይላል፤ ገዢውም ይደነግጣል። ጾም የሚያበዛ ሰው ቫይታሚን ቢ12ን ከአትክልት ስለማያገኝ ሐኪም ቢያማክር ይገባዋል።

እጅግ የሚያሠጋው «ሰውነት የሚያከሳ የተፈጥሮ መድኃኒት» የተባለው ኪኒን ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 በአውሮፓና በአሜሪካ ከገበያ እንዲወጣ የተደረገው ሲቡትራሚን በእንዲህ ያለ ኪኒን ውስጥ ተደብቆ በተደጋጋሚ ተገኝቷል፤ ይኸውም የደም ግፊትንና የልብን ትርታ ከፍ የሚያደርግ ስለ ሆነ፥ በሩጫ ልቡ ለሚፈጥን ሰው አደጋው የባሰ ነው።