የአማርኛ ግቤትና የአቋራጭ ቁልፎች ግጭት በተርሚናል የፋይል አስተዳዳሪዎች

መግቢያ

በላስታ ደጋ የብራና መጻሕፍትን ፎቶግራፍ አንሥቶ የተመለሰ ተመራማሪ ብዙ ፋይሎችን መሰየም፣ መደርደርና መቅዳት ይጠብቀዋል። የግዕዝ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው ዩኒኮድ 3.0 ከተካተተ ወዲህ ስሞቹን በአማርኛ መጻፍ ችግር አይደለም። እንደ ሬንጀርና ሚድናይት ኮማንደር ያሉ፣ በተርሚናል ውስጥ በጽሑፍ ብቻ የሚሠሩ የፋይል አስተዳዳሪዎችም ለዚህ ሥራ ፈጣንና ቀላል ናቸው። ሆኖም የሬንጀር ነባሪ አቋራጮች የተነደፉት በላቲን ፊደል ለሚጽፍ ሰው ነው። ይህ ጽሑፍ ከዚህ የሚመነጨውን ግጭትና መፍትሔውን ያሳያል።

የግጭቱ ምንጭ

ሬንጀር የቪም አርታዒን ፈለግ ተከትሎ ነጠላ ፊደልን ትእዛዝ ያደርጋል። የላቲኑ «ጄ» ወደ ታች፣ «ኬ» ወደ ላይ ይወስዳል። የአማርኛ ግቤት ሲበራ ግን የ«ጄ» ቁልፍ «ጅ»ን ይሰጣል። በድምፅ ላይ በተመሠረተ የግቤት ስልት «ጅ» ወዲያው ለፕሮግራሙ አይደርስም፤ «ጃ» ወይም «ጆ» ሊሆን ስለሚችል ቀጣዩን አናባቢ ይጠብቃል። ስለዚህ ትእዛዙን በ«ጅ» ላይ መመደብ አያዋጣም።

የተገላቢጦሹ ስሕተት የባሰ ነው። ተጠቃሚው የመሰየሚያው መስመር የተከፈተ መስሎት «ላስታ» ብሎ ሲጽፍ የቁልፍ ሰሌዳው በላቲን ላይ ነው እንበል። «ኤል» ጠቋሚው ያለበትን ማውጫ ይከፍታል፤ «ኤ» በውስጡ የተመረጠውን ፋይል ስም ለለውጥ ያቀርባል፤ የቀሩት ሦስት ፊደላት በዚያ ስም ላይ ይጨመራሉ። ተጠቃሚው ኢንተርን ሲጫን ያላሰበው ፋይል ስሙ ይለወጣል። የአንድ ብራና ቅጠል ምስል ከመዝገቡ ጋር የሚገናኘው በስሙ ብቻ ከሆነ፣ ምስሉ ሳይጠፋ ማንነቱ ይጠፋል።

መፍትሔው

መርሑ ትእዛዝን ከፊደል ማላቀቅ ነው። እ.ኤ.አ. በ1994 የተጀመረው ሚድናይት ኮማንደር ለዚህ አርአያ ይሆናል፤ ዋና ትእዛዞቹን በኤፍ ቁልፎች ላይ ያኖራል፣ የሚጻፉትን ፊደላት ደግሞ ወደ ትእዛዝ መስመሩ ይልካል። ሬንጀርም ተመሳሳይ ቁልፎች አሉት፦ ኤፍ2 ለስም ለውጥ፣ ኤፍ5 ለመቅዳት፣ ኤፍ6 ለመቁረጥ፣ ኤፍ8 ለመሰረዝ። እነዚህንና የቀስት ቁልፎችን የግቤት ስልቱ በአብዛኛው ሳይነካ ያሳልፋቸዋል። በመሆኑም የነባሪው ቅንብር ቅጂ በተጠቃሚው የግል ማውጫ ከተቀመጠ በኋላ፣ ስም የሚለውጡና የሚሰርዙ የፊደል አቋራጮችን «አንማፕ» በሚለው ትእዛዝ ማንሣት ይበቃል። የስረዛ ማረጋገጫውንም «ሁልጊዜ» ወደሚለው ምርጫ መቀየር ይገባል፤ በነባሪው ሬንጀር ለአንድ ነጠላ ፋይል ማረጋገጫ አይጠይቅምና።

አዲስ አቋራጭ ለመጨመር ኮንትሮልን ከፊደል ጋር ማጣመር ይቻላል፤ ነገር ግን ሁሉም ጥምረት ነጻ አይደለም። በተለመደው የተርሚናል አሠራር ኮንትሮል-አይ ከታብ፣ ኮንትሮል-ኤም ከኢንተር አይለይም። ኮንትሮል-ሲ ሥራን ለማቋረጥ፣ ኮንትሮል-ዜድ ደግሞ ለማገድ ተይዘዋል። ተርሚናሉም ቁልፍ ሊነጥቅ ይችላል፤ ለምሳሌ የግኖም ተርሚናል በነባሪው ኤፍ10ን ለራሱ ዝርዝር ስለሚወስድ ከሚድናይት ኮማንደር መውጣት ያዳግታል። ያን ጊዜ ኢስኬፕን፣ ቀጥሎም ዜሮን መጫን ይተካዋል።

ማጠቃለያ

ለአማርኛ ጸሐፊ አቋራጭን ማስተካከል ፍጥነትን ከመጨመር ያለፈ ፋይዳ አለው። የሚጻፍ ፊደልና የሚፈጸም ትእዛዝ ሲለያዩ፣ የቁልፍ ሰሌዳው በየትኛው ቋንቋ ላይ እንዳለ የዘነጋ ሰው ስሕተቱ ከአንድ የተበላሸ ቃል አያልፍም።