የቡና ችግኝ ቅጠል ምን ይነግረናል?

በወርቃና በአካባቢዋ ቡና የሌለው ጓሮ ማግኘት ይቸግራል። ቡናው ከእንሰት ጋር፣ በዋንዛና በብርብራ ጥላ ሥር ይበቅላል። ይህ ከአባቶች የተወረሰ አያያዝ በዓለም ዘንድ ታውቆ፣ የጌዴኦ ባህላዊ መልክዓ ምድር በ2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ሆኖ ተመዝግቧል።

የዚህ ሁሉ መነሻ ግን ትንሿ ችግኝ ናት። ችግኝ ተክለን የመጀመሪያውን ፍሬ ለመልቀም ሦስት ወይም አራት ዓመት እንጠብቃለን። የታመመች ችግኝ ከተከልን የምንከስረው ችግኟን ብቻ አይደለም፤ የነዚያን ዓመታት ድካምና መሬቱንም ጭምር ነው። ስለዚህ ሕመሟን ማወቅ ያለብን ገና መደብ ላይ ሳለች ነው።

ቅጠል ቢጫ ሲሆን ብዙዎቻችን «ውሃ ጠምቷት ነው» እንልና ቶሎ ውሃ እናጠጣለን። ነገር ግን የቢጫነት ምክንያት ብዙ ነው። ውሃ የበዛባት ችግኝም ቢጫ ትሆናለች። እሷን ደግመን ብናጠጣት ገደልናት ማለት ነው። እንሰት ሲጠወልግ ቅጠሉን ብቻ አይተን አንፈርድም፤ ቆርጠን ቢጫማ ፈሳሽ መውጣት አለመውጣቱን እናያለን። ለቡናም እንዲሁ ምርመራ ያስፈልጋል። እስቲ አራት ነገሮችን በተራ እንይ።

1ኛ/ አፈሩን እንንካ። ጣታችንን አፈሩ ውስጥ እናስገባ። ደረቅ ከሆነ ውሃ ትፈልጋለች። ጭቃ ሆኖ ሳለ ቅጠሏ ከጠወለገ ግን ሥሯ ታፍኗል፤ ሥርም እንደ እኛ አየር ይፈልጋል። ውሃውን እንቀንስ፤ ማፋሰሻ ቦይም እናውጣ። ግንዷ ከአፈሩ ጋር በሚገናኝበት ቦታ ጠቁሮና ቀጥኖ ከወደቀች ግን ግንዷን የሚያበሰብስ በሽታ ይዟታል። ነቅለን እናርቃት፤ የተጠጋጉትንም እናሳሳ።

2ኛ/ የታመመው የትኛው ቅጠል ነው? የታችኞቹ አሮጌ ቅጠሎች ቀድመው ቢጫ ከሆኑ፣ ብዙውን ጊዜ ናይትሮጅን የሚባለው ምግብ አንሷታል። ከአሮጌው ወስዳ ለአዲሱ ትሰጣለች፤ እናት ራሷ ተርባ ልጇን እንደምታበላው ነው። መድኃኒቱ በደንብ የበሰበሰ ፍግ ወይም ኮምፖስት ነው። ትኩስ ፍግ ግን ሥር ያቃጥላል። በተቃራኒው አዲሶቹ ቅጠሎች ቢጫ ሆነው ጅማታቸው አረንጓዴ ከሆነ፣ ችግኟ ብረት የሚባለውን ንጥረ ነገር ማግኘት አልቻለችም። አፈሩ ውሃ ሲቋጥር ወይም አመድ ሲበዛበት ይኼ ይደርሳል።

3ኛ/ ነጥቡ ምን ይመስላል? ነጥቡ ክብና ቡናማ፣ መካከሉ ነጣ ያለ፣ ዙሪያው ቢጫ ሆኖ ዓይን ከመሰለ፣ ፀሐይ የበዛባትንና ምግብ ያነሳትን ችግኝ የሚያጠቃ በሽታ ነው። ጥላውን እናስተካክል፤ ኮምፖስት እንጨምር። ሰፋ ያለው ቡናማ ቦታ በጥፍር ሲላጥ ትንሽ ትል ከተገኘበት ደግሞ ተባይ ነው፤ ቅጠሉን ቀጥፈን እናቃጥለው። ፀሐይ የሚመታው ጎን ብቻ ነጥቶ ከደረቀ ፀሐይ ለብልቧታል። ስለዚህ የችግኙን ዳስ በአንድ ቀን አናፍርስ፤ ጥቂት በጥቂት እያሳሳን እናለማምዳት።

4ኛ/ ቅጠሉን ገልብጠን እንይ። ብዙ ሰው የሚረሳው ይኼንን ነው። ከላይ ሲያዩት ፈዘዝ ያለ ቢጫ ነጥብ፣ ከሥር ሲገለበጥ ግን ብርቱካንማ ዱቄት ካለበት፣ በሽታው የቡና ቅጠል ዋግ ነው። ዱቄቱ ጣት ላይ ይቀራል። እንደ ዘር ሆኖ በነፋስና በዝናብ ፍንጣሪ ከችግኝ ወደ ችግኝ ይሄዳል። ቅጠሉ ይረግፋል፤ ችግኟም ትመነምናለች።

ዋግ ቀላል ጠላት አይደለም። ዛሬ ስሪላንካ የምትባለው ሴሎን ብዙ ቡና ታመርት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1869 ዋግ እዚያ ታየ። በኋላ ባሉት ዓመታት የቡናው እርሻ ጠፍቶ በቦታው ሻይ ተተከለ። የአገራችን ቡና ግን ዝርያው ብዙ ዓይነት በመሆኑ ሁሉም እኩል አይጠቃም። ስለዚህ ዘር ስንለቅም ቅጠሏ ጤነኛ ከሆነች እናት ቡና እንልቀም። ዋግ የያዘውን ቅጠል ቀጥፈን እናስወግድ፤ ችግኞቹን አራርቀን አየር እናስገባ። ክፉኛ የተያዘችውን ችግኝ አንትከላት።

አንድ ነገር ደግሞ እናስታውስ። በመደቡ ያሉት ችግኞች ሁሉ በአንድ ጊዜና በአንድ መልክ ከታመሙ፣ አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ ያለው በውሃው፣ በፀሐዩ ወይም በአፈሩ ላይ ነው። እዚህም እዚያም ጀምሮ ከተዛመተ ግን በሽታን ወይም ተባይን እንጠርጥር። ምክንያቱን ሳናውቅ ገንዘብ አውጥተን የሚረጭ መድኃኒት አንግዛ። ካልለየንለት የታመመውን ቅጠል ከነግንጣዩ ይዘን የቀበሌውን የግብርና ባለሙያ እንጠይቅ።

መልመጃ

ሀ. ውሃ የጠማትን ችግኝና ውሃ የበዛባትን በምን እንለያለን?

ለ. የታችኞቹ ቅጠሎች ቀድመው ቢጫ የሚሆኑት ለምንድን ነው?

ሐ. ዛሬ ከጓሮአችሁ አምስት ቅጠሎች ገልብጡ። ከሥራቸው ያያችሁትን በደብተራችሁ ጻፉ።