ጃቫ ሰርቨር ላይ ሲሰፍር

ወጣቷ፦ ጋሼ፣ በፒኤችፒ የተሠራ ድረ ገጽ ርካሽ ሆስቲንግ ላይ ፋይሎቹ እንደተጫኑ ይሠራል። በጃቫ የተሠራው ለምን እንደዚያ አይሆንም?

ጋሼ፦ ፒኤችፒ ጥያቄ በመጣ ቁጥር ገጹን አዘጋጅቶ፣ የያዘውን ሁሉ ጥሎ ይወጣል። ጃቫ ግን ቤት ተከራይቶ እንደሚኖር ሰው ነው። አንዴ ከተነሣ ሳምንትም ይሁን ወር ሜሞሪ ውስጥ ተቀምጦ ጥያቄ ይጠብቃል፤ ከዳታቤዝ ጋር የከፈተውን መስመርም አይለቅም። ፍጥነቱም ወጪውም የሚመጣው ከዚሁ ነው። አንድ ማሽን ለብዙ ደንበኛ በሚከፋፈልበት ሆስቲንግ ላይ እያንዳንዱ የራሱን ጃቫ ቢያስነሣ ራሙ ወዲያው ያልቃል፤ ስለዚህ ሻጮቹ ጃቫን ከዚያ ያርቁታል። ለጃቫ የራሱ ራም የተመደበለት ቪፒኤስ ወይም ከዚያ የሚበልጥ ያስፈልጋል። ፖርቱም፣ ሜሞሪውም፣ ማደሱም የሚያስቸግረው ፕሮግራሙ ነዋሪ በመሆኑ ነው።

ወጣቷ፦ ሰርቨሩ ተገኘ እንበል። መጀመሪያ ምን ይጫንበት?

ጋሼ፦ ጃቫው ራሱ። ለጃቫ 17 ኮምፓይል የተደረገ ፕሮግራም ጃቫ 11 ባለበት ሰርቨር ላይ አይነሣም፤ ገና ሲጀምር የክላሱን እትም እንደማያውቀው ጽፎ ይቆማል። በአሮጌው የተሠራ ግን በአዲሱ ላይ አብዛኛውን ጊዜ ይሠራል። ለሰርቨር የሚመረጡት ረጅም ድጋፍ የሚያገኙት እትሞች ናቸው፤ እንደ 11፣ 17 እና 21 ያሉት።

ቀጥሎ ፕሮግራሙን የሚሸከመው ኮንቴይነር ይመጣል። በጣም የታወቀው ቶምካት ነው። ሰን ማይክሮሲስተምስ ውስጥ ጄምስ ዳንከን ዴቪድሰን የጀመረው ሲሆን በ1999 ለአፓቺ ፋውንዴሽን ተሰጠ። ዓመቱ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው፤ ከዚህ በኋላ የሚጠቀሱትም እንዲሁ። ቶምካት ካልተቀየረ በስተቀር በ8080 ፖርት ላይ ይጠብቃል። ፕሮግራሙ የሚቀርብለት ዋር በሚባል ፋይል ነው፤ ዋር አሰዳደሩ የተወሰነ ዚፕ ነው ማለት ይቻላል። በውስጡ ዌብ-ኢንፍ የሚባል ፎልደር አለ። ክላሶቹና ላይብረሪዎቹ እዚያ ይቀመጣሉ፤ ብሮውዘር በቀጥታ ሊከፍታቸው አይችልም። ዋሩ ዌብአፕስ ወደተባለው ፎልደር ሲገባ ቶምካት ራሱ ፈትቶ ያስነሣዋል። የፋይሉ ስም የአድራሻው ተቀጥላ ይሆናል፤ ተቀጥላ እንዳይኖረው ከተፈለገ ፋይሉ በትልልቅ የላቲን ፊደላት «ሩት» ተብሎ መሰየም አለበት።

ወጣቷ፦ ይህ ሁሉ ተደርጎ፣ ቶምካቱም በሰላም ተነሥቶ፣ ገጹ 404 ቢልስ?

ጋሼ፦ አድራሻው በትክክል ከተጻፈ፣ መጀመሪያ የሚጠረጠረው የቶምካቱ እትም ነው። ነገሩ የሚጀምረው ከባለቤትነት ጉዳይ ነው። ሰንን በ2010 የገዛው ኦራክል፣ ጃቫ ኢኢ የሚባለውን የድርጅት ሥራ ክፍል በ2017 ለኤክሊፕስ ፋውንዴሽን ለመስጠት ወሰነ። ሥራውን ሰጠ እንጂ ጃቫ የሚለውን ስም አልሰጠም። ስለዚህ ስሙ ጃካርታ ኢኢ ተባለ፤ በ2020 በወጣው 9ኛው እትምም ከጃቫ ኢኢ የመጡትና «ጃቫክስ» ብለው ይጀምሩ የነበሩት ፓኬጆች «ጃካርታ» ብለው እንዲጀምሩ ተደረገ። ቶምካት 9 የሚያውቀው አሮጌውን ስም ነው፤ ቶምካት 10 አዲሱን። አሮጌ ፕሮግራም ቶምካት 10 ላይ ሲጫን ሰርቭሌቶቹን፣ ማለትም ጥያቄ ተቀብለው መልስ የሚሰጡትን ክፍሎቹን፣ የሚያውቃቸው የለም፤ ያልታወቀ ደግሞ እንደሌለ ይቆጠራል። የስም ክርክር የሰው ሥራ ሲያበላሽ ከዚህ የበለጠ ምሳሌ ማግኘት ያስቸግራል። መፍትሔው ወይ ቶምካት 9ን መጠቀም፣ ወይ አፓቺ ለዚሁ ባዘጋጀው መሣሪያ ዋሩን መለወጥ ነው። የጃቫ ፕሮግራም መሥሪያ የሆነው ስፕሪንግ ቡትም ከ3ኛው እትሙ ጀምሮ ወደ ጃካርታ ተሻግሯል፤ ያም ጃቫ 17 ወይም ከዚያ በላይ ይጠይቃል።

ወጣቷ፦ ስፕሪንግ ቡት ካሉ አይቀር፣ በእሱ የተሠራ ፕሮግራም ቶምካት ሳይጫንም ይነሣል።

ጋሼ፦ ቶምካቱ ጠፍቶ መሰለሽ? ፕሮግራሙ ውስጥ ታሽጎ ነው። ስፕሪንግ ቡት 1.0 በ2014 ከወጣ ወዲህ ፕሮግራሙን፣ ላይብረሪዎቹንና ቶምካቱን በአንድ ጃር ፋይል አጭቆ በአንድ ትእዛዝ ማስነሣት የተለመደ ሆኗል። እንደ ዌብሎጂክ፣ ዌብስፌርና ዋይልድፍላይ ያሉ ሰርቨሮች በትልልቅ ድርጅቶች ዘንድ አሁንም ዋር ይቀበላሉ፤ አዲስ ለሚጀመር ሥራ ግን ጃሩ ይሻላል።

ወጣቷ፦ ጃሩ በተርሚናል ይነሣል፤ ተርሚናሉ ሲዘጋ ግን አብሮ ይሞታል።

ጋሼ፦ በተርሚናል ማስነሣት ለሙከራ ነው። በሊኑክስ ላይ አስነሺው ሲስተምዲ መሆን አለበት። ለፕሮግራሙ አጭር የሰርቪስ ፋይል ይጻፍለታል፤ በየትኛው ተጠቃሚ ስም እንደሚሠራ፣ ቢወድቅ እንዲነሣ፣ ማሽኑ ሲበራም አብሮ እንዲነሣ። አንድ ወጥመድ አለ፦ ጃቫ እንዲቆም ሲታዘዝ በሥርዓቱ ቆሞም 143 የሚል ቁጥር ይመልሳል፤ ሲስተምዲም ቁጥሩን አይቶ እንደ ውድቀት ይመዘግበዋል። 143 የደኅና መዝጊያ መሆኑ በሰርቪሱ ፋይል ውስጥ ሊነገረው ይገባል። ተጠቃሚው ደግሞ በማሽኑ ላይ ሙሉ ሥልጣን ያለው ሩት አይሁን። ሩት ሆኖ የሚሠራን ፕሮግራም የሰበረ ሰው ማሽኑን ሁሉ ይወርሳል።

ወጣቷ፦ ሩት ካልሆነ 80 እና 443 ፖርት እንዴት ይከፈታል? ከ1024 በታች ያሉት ለሩት ብቻ ናቸው ይባላል።

ጋሼ፦ ጃቫው አይከፍታቸውም። ከፊቱ ኢንጂንኤክስ የሚባል ዌብ ሰርቨር ይቆምና ጥያቄውን ተቀብሎ ወደ 8080 ያሳልፋል። የኤችቲቲፒኤስ ሰርተፍኬቱም በኢንጂንኤክሱ በኩል ይያዛል፤ ሌትስ ኢንክሪፕት በነፃ የሚሰጠው ለ90 ቀን የሚቆይ ስለሆነ በራሱ የሚታደስበት መንገድ አብሮ ይሰናዳ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚረሳው አለ። ጥያቄውን ለጃቫው የሚያመጣው ኢንጂንኤክስ በመሆኑ፣ ጃቫው ጎብኚው ሁሉ ከዚያው ማሽን የመጣ፣ ያውም ያለ ኤችቲቲፒኤስ የመጣ ይመስለዋል። ወደ ኤችቲቲፒኤስ እንዲመልስ ከታዘዘም ማለቂያ በሌለው ምልልስ ውስጥ ይገባል። ኢንጂንኤክሱ የጎብኚውን ትክክለኛ አድራሻና ፕሮቶኮል በሄደር እንዲያስተላልፍ፣ ጃቫውም ያንን እንዲያምን መታዘዝ አለባቸው። 8080 ደግሞ ከውጭ በፋየርዎል ይዘጋ።

ወጣቷ፦ ራሙን በተመለከተስ? 2 ጊጋባይት ባለው ቪፒኤስ ላይ ሁሉንም ለጃቫ መስጠት አይሻልም?

ጋሼ፦ አይሻልም፤ ይህ፣ ልጄ፣ ብዙ ሰርቨር የጣለ ሐሳብ ነው። ምንም ካልተነገረው ጃቫ ለሂፑ፣ ማለትም ለዕቃዎቹ ማስቀመጫ፣ የማሽኑን ራም ሩብ ያህል ጣሪያ ያደርጋል፤ ከ2 ጊጋባይት ወደ 512 ሜጋባይት ማለት ነው። ጣሪያው በ«ኤክስኤምኤክስ» ትእዛዝ ከፍ ይላል። ሂፑ ግን የጃቫው ክፍል እንጂ ሁለንተናው አይደለም። የክላሶቹ መረጃ የሚቀመጥበት ሜታስፔስ አለ፤ ኮምፓይል የተደረገው ኮድ አለ፤ እያንዳንዱ ትሬድም በተለመደው 64 ቢት ሊኑክስ ላይ እስከ 1 ሜጋባይት ስታክ ይፈቀድለታል፤ ቶምካት ደግሞ እስከ 200 ትሬድ ሊያስነሣ ይችላል። ኢንጂንኤክሱና ሊኑክሱም ድርሻቸውን ይፈልጋሉ፤ ዳታቤዙ እዚያው ማሽን ላይ ከሆነማ ከሁሉ የሚበልጠውን። ስለዚህ ሂፑ ከራሙ ግማሽ ባይበልጥ ይመረጣል።

ሁለት ዓይነት ሞት አለ፤ መለየት ያስፈልጋል። ሂፑ ሲሞላ ጃቫው ራሱ ሜሞሪ አለቀብኝ ብሎ ሎጉ ላይ ይጽፋል፤ ሂፑን ወደ ፋይል ገልብጦ እንዲተው አስቀድሞ ከታዘዘ ምን እንደሞላው ይመረመራል። የማሽኑ ራም ሲያልቅ ግን ጃቫውን የሚገድለው ሊኑክስ ነው። በፕሮግራሙ ሎግ ላይ አንድም ቃል አይገኝም፤ ምልክቱ ያለው የከርነሉ መዝገብ ውስጥ ነው። ያለ ምክንያት ጠፋ የሚባል ጃቫ ብዙውን ጊዜ በዚህ መንገድ የሞተ ነው። በዶከር ውስጥም ያው ነው፤ አሮጌዎቹ የጃቫ እትሞች ደግሞ የተመደበላቸውን ትተው የማሽኑን ሙሉ ራም ያዩ ነበር። በ2018 ከወጣው ጃቫ 10 ጀምሮ ይህ ተስተካክሏል።

ወጣቷ፦ በላፕቶፑ ላይ በትክክል የታየው አማርኛ ሰርቨሩ ላይ የጥያቄ ምልክት ብቻ ሲሆንስ?

ጋሼ፦ የግዕዝ ፊደል በዩቲኤፍ-8 ሦስት ባይት ይይዛል፤ ከጎብኚው እስከ ዳታቤዙ ባለው መንገድ አንዱ ጣቢያ እንኳ ላቲን ብቻ የሚያውቅ ከሆነ ፊደሉ እዚያ ይሞታል። ጃቫ እስከ 17ኛው እትሙ ድረስ ነባሪ ኢንኮዲንጉን የሚወስደው ከማሽኑ ነበር፤ የላፕቶፑና የሰርቨሩ የተለያየ ሲሆን ውጤቱም ይለያያል። በ2022 ከወጣው 18 ጀምሮ ነባሪው የትም ቢሆን ዩቲኤፍ-8 ነው። ከዚያ በታች ባሉት ላይ በማስነሻው ትእዛዝ ይገለጽ። የማይኤስኪውኤል ሠንጠረዦችም በላቲን ተፈጥረው እንዳይሆን ይታይ። አጣዳፊ የሚያደርገው ደግሞ አንዴ የጥያቄ ምልክት ሆኖ የተቀመጠ ጽሑፍ ተመልሶ አማርኛ አለመሆኑ ነው። ሰዓቱም ይታሰብበት፤ ሰርቨሩ ብዙውን ጊዜ በዩቲሲ ይሠራል፣ አዲስ አበባ ደግሞ 3 ሰዓት ትቀድማለች። በዩቲሲ ማስቀመጥና ለሰው ሲታይ ብቻ መለወጥ ይበጃል።

ወጣቷ፦ አዲስ እትም ሲመጣ አሮጌውን ፋይል በአዲሱ መተካት ይበቃል?

ጋሼ፦ ቶምካት ሳይቆም ዋሩን መተካት ይፈቅዳል፤ የሚመከር ግን አይደለም። ከአሮጌው ፕሮግራም የተረፈ ትሬድ ወይም የዳታቤዝ ድራይቨር አሮጌዎቹን ክላሶች ይዞ ስለሚቀር ሜሞሪው በየእድሳቱ ይሞላል። ሪስታርት ማድረግ ንጹሕ ነው። እያንዳንዱ እትም በራሱ ፎልደር ይቀመጥ፤ ሰርቪሱ የሚያየው ወደ አንዱ የሚያመለክት ሊንክ ይሁን። አዲሱ ሲበላሽ ሊንኩን ወደ አሮጌው መልሶ ማስነሣት ነው። ዳታቤዙ ግን እንዲህ አይመለስም፤ ስለዚህ በአዲሱ እትም ዓምድ መጨመር እንጂ አሮጌውን ማጥፋት አይገባም። የዳታቤዙ የይለፍ ቃልም ጃሩ ውስጥ ሳይሆን ሰርቨሩ ላይ፣ ሌላ ሰው ሊያነበው በማይችል ፋይል ይቀመጥ።

ወጣቷ፦ ሰርቨሩ በየሳምንቱ አፕዴት ከተደረገ ከጥቃት ይጠበቃል?

ጋሼ፦ ሊኑክሱ ይጠበቃል፤ ፕሮግራሙ ግን አይጠበቅም። በታኅሣሥ 2021 በሎግፎርጄ ላይ የተገኘው ቀዳዳ ዓለምን ያስጨነቀው ለዚህ ነው። ላይብረሪው በየዋሩና በየጃሩ ውስጥ ታሽጎ ስለነበር የሊኑክሱ አፕዴት አይደርስበትም ነበር። በቶምካቱም ላይ በየካቲት 2020 ጎስትካት የተባለ ቀዳዳ ታውቋል፤ በ8009 ፖርት በኩል የሚገባ። ቶምካት ለብቻው ከተጫነ ፕሮግራሙ ሳይነካ ሊታደስ ይችላል። ጃር ውስጥ የታሸገው ቶምካት ግን የሚታደሰው ፕሮግራሙ በአዲስ ላይብረሪዎች እንደገና ተገንብቶ፣ እንደገና ሲጫን ብቻ ነው።