ከወንፊት እስከ ዲጂታል ማጣሪያ

በቡና ወራት በጅማ፣ በአጋሮ፣ በሊሙ ገነት ወይም በጌራ የተገኘ ሰው ሁለት መሣሪያዎችን ሳያይ አይመለስም፤ ወንፊትንና ሚዛንን። ወንፊቱ የቡናውን ፍሬ በመጠኑ ይለያል፤ ሚዛኑ ደግሞ የገበሬውን የዓመት ድካም ወደ ቁጥር ይለውጣል። በኤሌክትሮኒክ ሚዛን ውስጥ ግን ለዐይን የማይታይ ሌላ ወንፊት አለ። እርሱም ዲጂታል ማጣሪያ ይባላል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህ ማጣሪያ እንዴት እንደሚነደፍና በሥራ ላይ እንደሚውል በቀላል ስሌት ማሳየት ነው።

ረብሻው ከየት ይመጣል?

የሚዛኑ ሴንሰር ክብደትን ወደ እጅግ አነስተኛ ቮልቴጅ ይለውጣል። በአገራችን የኤሌክትሪክ መስመር ላይ ያለው ኃይል በሴኮንድ 50 ጊዜ፣ ማለትም በ50 ሄርዝ ድግግሞሽ ይመላለሳል። ከጅማ ብዙም ሳይርቅ እ.ኤ.አ. በ2004 ሥራ የጀመረው፣ 184 ሜጋዋት የማመንጨት ዐቅም ያለው የግልገል ጊቤ ቁጥር 1 ጣቢያም ኃይል የሚሰጠው በዚሁ ድግግሞሽ ነው። ይህ ሞገድ በአቅራቢያው ባሉ ሽቦዎች ላይ ስለሚያርፍ ከሴንሰሩ ቮልቴጅ ጋር ሊቀላቀል ይችላል።

ለምሳሌ በሚዛን ላይ አንድ ፈረሱላ፣ ማለትም 17 ኪሎ ግራም ቡና ተቀምጧል እንበል። ረብሻው ንባቡን በ0.2 ኪሎ ግራም ከፍና ዝቅ ካደረገው ቁጥሩ በ16.8 እና በ17.2 መካከል ይዋልላል። የትኛው ይመዝገብ?

ተንሸራታች አማካይ

ሚዛኑ በሴኮንድ 1000 ናሙናዎችን ይወስዳል ብንል፣ የ50 ሄርዝ አንድ ሙሉ ዑደት 20 ናሙናዎችን ይይዛል። የዑደቱ ከፍታና ዝቅታ እኩል ስለሆኑ የ20ዎቹ ናሙናዎች አማካይ ሲወሰድ ረብሻው ራሱን በራሱ ያጠፋና 17.0 ብቻ ይቀራል። ፕሮግራሙ በየጊዜው 20 ቁጥሮችን መደመር አያስፈልገውም። አዲሱን ናሙና ይጨምራል፣ ከ20 እርምጃ በፊት የገባውን ይቀንሳል፣ ድምሩንም ለ20 ያካፍላል።

እዚህ ላይ የናሙናዎቹ ብዛት በዘፈቀደ እንደማይመረጥ ልብ ይሏል። በ20 ፈንታ 15 ናሙናዎችን ብንወስድ ዑደቱ ሳይሞላ ስለሚቆረጥ ከረብሻው 30 በመቶ ያህሉ፣ ማለትም 0.06 ኪሎ ግራም ይቀራል። በሌላ በኩል 200 ናሙናዎች ዐሥር ሙሉ ዑደቶች ስለሆኑ የ50 ሄርዙን ረብሻ ያጠፋሉ፤ ሌላውንም ሥርዓት የለሽ ረብሻ ይበልጥ ይቀንሳሉ። ዋጋው መዘግየት ነው። በ20 ናሙናዎች 9.5 ሚሊ ሴኮንድ የነበረው መዘግየት ወደ 99.5 ሚሊ ሴኮንድ ያድጋል።

አማካይ የማይፈታው ችግር

ጆንያው ሲወረወር ወይም ሰው ሚዛኑን ሲነካ ድንገተኛ ዝላይ ይፈጠራል። ንባቦቹ 17.0፣ 17.1፣ 25.0፣ 16.9 እና 17.0 ቢሆኑ አማካያቸው 18.6 ይሆናል፤ ይህም ስሕተት ነው። ቁጥሮቹን በቅደም ተከተል ደርድረን የመሐሉን ብንወስድ ግን 17.0 እናገኛለን። ስለዚህ ለድንገተኛ ዝላይ የመሐል ቁጥር ማጣሪያ ይመረጣል።

ከዚህ የከፋው ስሕተት የሚፈጸመው ከማጣሪያው በፊት ነው። ሚዛኑ በሴኮንድ 50 ናሙናዎችን ብቻ ቢወስድ እያንዳንዱ ናሙና በዑደቱ አንድ ቦታ ላይ ያርፋል። ቦታው የዑደቱ ጫፍ ከሆነ ንባቡ ሳይዋልል 17.2 ይላል፤ የዑደቱ ግርጌ ከሆነም 16.8 ይላል። ቁጥሩ የረጋ ስለሆነ ማንም አይጠራጠረውም፤ ከዚያ በኋላ የትኛውም የሶፍትዌር ማጣሪያ ሊያርመው አይችልም። ሀሪ ናይክዊስት እ.ኤ.አ. በ1928፣ ክሎድ ሻነንም በ1949 ባሳተሟቸው ሥራዎች የሚታወቀው ሕግ እንደሚለው የናሙናው ፍጥነት በሞገዱ ውስጥ ካለው ከፍተኛ ድግግሞሽ እጥፍ መብለጥ አለበት። ከዚያ በላይ ያለው ሞገድ ናሙና ከመወሰዱ በፊት በኤሌክትሮኒክ ዑደት መጣራት ይኖርበታል።

ከሚዛን ወደ ልብ

ይኸው ዕውቀት በሆስፒታልም ያገለግላል። በ60 ሄርዝ ለሚሠሩ አገሮች የተስተካከለ የልብ ምት መመዝገቢያ መሣሪያ በኢትዮጵያ ወደ 50 ሄርዝ ካልተቀየረ ማጣሪያው ረብሻውን ያሳልፈዋል። ከዚህም ሌላ ለምርመራ በሚውል ምዝገባ የታችኛው መቁረጫ በተለምዶ 0.05 ሄርዝ ነው። መስመሩ እንዳይዋዥቅ ተብሎ ወደ 0.5 ሄርዝ ሲነሣ ሐኪሙ የልብ ሕመምን የሚያይበት የሞገዱ ክፍል ሊዛባ ይችላል። ማጣሪያ ረብሻን እንደሚያስወግድ ሁሉ እውነትንም ሊያስወግድ ይችላል ማለት ነው።

የንድፍ ቅደም ተከተል

ስለዚህ ነዳፊው በቅድሚያ የሚፈለገው ሞገድ ምን ድግግሞሽ እንዳለው፣ ከዚያም ረብሻው የት እንዳለ ይለያል። ቀጥሎ የናሙናውን ፍጥነትና የሚታገሠውን መዘግየት ይወስናል። እንደ ኦክታቭ ወይም የፓይተን ሳይፓይ ያሉ ነፃ ሶፍትዌሮች የማጣሪያውን ቁጥሮች ያሰሉለታል። በመጨረሻም ክብደቱ አስቀድሞ በታወቀ ዕቃ ይፈትነዋል። ኮምፒውተሩ ያሰላል እንጂ ምን መጣራት እንዳለበት አይወስንም።

መልመጃ፦ ሚዛኑ በሴኮንድ 500 ናሙናዎችን ቢወስድ የ50 ሄርዝ ረብሻን ለማጥፋት ቢያንስ የስንት ናሙናዎች አማካይ ያስፈልጋል? መልሱ 500 ለ50 ሲካፈል የሚገኘው 10 ነው።