ስለ ጠቅላላ ዕውቀት አጠናንና ስለ ዩኒቨርሲቲ መግቢያ ፈተና
በጌዴኦ ዞን ለሚያስተምሩ መምህራንና ለአገር ሽማግሌዎች



በዲላ ከተማ ዩኒቨርሲቲ እንዳለ የማያውቅ የለም። ነገር ግን ደጁን ማየትና በደጁ መግባት ልዩ ልዩ ነገር ነው። የሚያስገባው የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ነውና፥ የወናጎም ልጅ የቡሌም ልጅ ከአዲስ አበባ ልጅ ጋራ በአንድ ሚዛን ይመዘናል። የ2014 ዓ.ም. ተፈታኞች በየዩኒቨርሲቲው ግቢ ተሰብስበው በተፈተኑ ጊዜ፥ ግማሹንና ከዚያ በላይ ያገኙት ከመቶ 3.3 ብቻ ሆኑ። በ2017 ዓ.ም. ቍጥሩ ወደ 8.4 ከፍ ብሏል፤ ይሁን እንጂ ከመቶው ልጅ ከ91 የሚበልጠው አሁንም ከግማሽ በታች ቀርቷል። ስለዚህ ልጆቻችን እንዴት ማጥናት እንዲገባቸው መምከር የሁላችንም ዕዳ ነው።

፩ኛ፤ ጠቅላላ ዕውቀት ማለት ምን እንደ ሆነ

ጠቅላላ ዕውቀት ተብሎ ለብቻው የሚሰጥ የፈተና ወረቀት የለም። ተፈታኞች ሁሉ እንግሊዝኛና ሒሳብ፥ ደግሞም አፕቲትዩድ የሚባለውን የማመዛዘን ችሎታ መመዘኛ ይፈተናሉ። ከዚህም ጋራ የተፈጥሮ ሳይንስ ተማሪ ፊዚክስ፥ ኬሚስትሪና ባዮሎጂ፤ የማኅበራዊ ሳይንስ ተማሪ ደግሞ ታሪክ፥ ጂኦግራፊና ኢኮኖሚክስ ይፈተናል። ጠቅላላ ዕውቀት እነዚህን ሁሉ እንደ ገመድ የሚያስተሳስር ነው። ስለ ዓለም ነገር ጥቂት እንኳ ያልሰማ ልጅ ምንባቡ ሲቀርብለት ፊደሉን ያነባል እንጂ ነገሩን አያገኘውም።

ብዙ ሰዎች ግን ጠቅላላ ዕውቀትን የጥያቄና የመልስ ዝርዝር ብቻ አድርገው ይቈጥሩታል። ልጁም የተራራውን፥ የወንዙንና የዋና ከተማውን ስም እየደጋገመ ሲያነበንብ ያመሻል። በቃል መያዝ የሚናቅ ነገር አይደለም። በአብነት ትምህርት ቤትም ተማሪው አስቀድሞ ቃሉን ይይዛል፤ ነገር ግን በዚያ አይቀርም፥ ወደ ትርጓሜው ገብቶ ምሥጢሩን ይጠየቃል። ቃሉን ይዞ ምሥጢሩን ያልያዘ ተማሪ ጥያቄው ጥቂት ቢለወጥበት መልሱ ይጠፋበታል። ፈተና አውጪውም ጥያቄውን መለወጡ አይቀርም።

፪ኛ፤ ዕውቀት ከጓሮ እንደሚጀምር

ስለዚህ ለያንዳንዱ ነገር አራት ጥያቄ ይቅረብ፤ ይኸውም ምንድር ነው? የት ነው? መቼ ነው? ስለ ምን ሆነ? የሚል ነው። ከእነዚህም የሚበልጠው የመጨረሻው ነው። ምሳሌውን ከዚሁ ከጌዴኦ አገር እንውሰድ።

እንሰት። እናቶቻችን የተፋቀውን እንሰት በጕድጓድ ከተው፥ በቅጠል ሸፍነው፥ ድንጋይ የሚጭኑበት ስለ ምንድር ነው? አየር እንዳይገባበት ነው። አየር በሌለበት ስፍራ በዓይን የማይታዩ ባክቴሪያዎች በውስጡ ያለውን ስኳር ወደ አሲድ ይለውጡታል፤ አሲዱም ቆጮውን ከመበላሸት ይጠብቀዋል። በባዮሎጂ መጽሐፍ ፈርመንቴሽን የተባለው ይኸው ነው። እንግዲህ ልጁ ነገሩን ከእናቱ ጓሮ አስቀድሞ ያውቀዋል፤ የጐደለው ስሙና ምክንያቱ ብቻ ነው።

ቡና። ከዲላ ወደ ቡሌ የሚወጣ ሰው ቡናው እየሳሳ ሄዶ በደጋው እንሰትና ገብስ እንደሚተካው ያያል። ምክንያቱም ብርድ ነው። ከፍታው በ1000 ሜትር በጨመረ ቍጥር ሙቀቱ በ6.5 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያህል ይቀንሳል። ይህን አንድ ነገር ያወቀ ልጅ ደጋ፥ ወይና ደጋና ቆላ ስለ ምን እንደ ተለዩ ያውቃል፤ በምድር ወገብ አጠገብ ያለው የኬንያ ተራራ ስለ ምን በረዶ እንዳለበትም ይረዳል።

ትክል ድንጋይ። የጌዴኦ ትክል ድንጋዮች ዕድሜ አንድ ሺሕ ዓመት ያህል እንደ ሆነ ይነገር ነበር። ነገር ግን በአውሮጳ አቈጣጠር በ2021 ዓ.ም. የወጣ የምርምር ጽሑፍ፥ ሳካሮ ሶዶ በተባለው ስፍራ ያሉት ከክርስቶስ ልደት በኋላ በመጀመሪያው መቶ ዓመት እንደ ተተከሉ አስረዳ። ስለዚህ ጥንታዊነታቸው ከታሰበው በአንድ ሺሕ ዓመት ያህል ጨመረ። ከዚህ የምንማረው፥ በቃል የተያዘ መልስ ሊያረጅ እንደሚችል ነው፤ እንዴት እንደ ታወቀ የሚጠይቅ ግን ከዕውቀቱ ጋራ ይታደሳል።

የዘመን አቈጣጠር። የጌዴኦ ባህላዊ መልክዐ ምድር በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ የገባው በመስከረም 2016 ዓ.ም. ነው፤ በአውሮጳ አቈጣጠር 2023 ይሆናል። ልዩነቱ 7 ነው። የዓድዋ ጦርነት ግን የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ሲሆን በአውሮጳው 1896 ነው፤ ልዩነቱ 8 ሆነ። አዲሱ ዓመታቸው በእኛ ታኅሣሥ መጨረሻ ገደማ ስለሚገባ፥ ከመስከረም እስከዚያ ድረስ 7፥ ከዚያ እስከ ጳጕሜን 8 እንጨምራለን። ይህን ያልተማረ ልጅ ታሪኩን እያወቀ ዓመቱን ይስታል።

፫ኛ፤ ስለ አጠናን ሥርዓት

ሀ/ መምህሩ በየሳምንቱ አንድ ሰዓት ለይቶ አንድ ነገር ብቻ ይዞ ይግባ። ብዙ አጫጭር ወሬ ከማዝነብ አንዱን እስከ ሥሩ መቈፈር ይሻላል።

ለ/ ተማሪው የነገሩን ስም በጌዴኦኛ፥ በአማርኛና በእንግሊዝኛ ጐን ለጐን ይጻፍ። ፈተናው በእንግሊዝኛ ነውና፥ ነገሩን እያወቁ ስሙን በማጣት የሚወድቁ ብዙ ናቸው።

ሐ/ የተማረውን በማግሥቱ፥ በሳምንቱና በወሩ መጽሐፉን ዘግቶ በቃሉ ይመልስ፤ ከዚያም ገልጦ ያስተያይ። ደጋግሞ ከማንበብ ይልቅ ዘግቶ ማስታወስ ዕውቀትን ያጸናል።

መ/ የቀደሙትን ዓመታት ጥያቄዎች በሰዓት ተወስኖ ይሥራ። ሲታረምለት ትክክለኛውን ፊደል ብቻ አይቅዳ፤ የቀሩት ምርጫዎች ስለ ምን እንዳልሆኑ ጭምር ይጻፍ።

፬ኛ፤ ስለ ሽማግሌዎች ድርሻ

መጻሕፍት በጐደሉበት ትምህርት ቤት ሽማግሌው ራሱ መጽሐፍ ነው። የባሌ ሥርዓት ሥልጣንን በየስምንት ዓመቱ እንዴት እንደሚያስተላልፍ፥ በሶንጎ ነገር እንዴት እንደሚታይ፥ የትኛው ዛፍ ለቡና ጥላ እንደሚሆን የሚያውቀው እርሱ ነው። በወር አንድ ቀን ወደ ትምህርት ቤት ተጠርቶ ይንገር፤ መምህሩም የሰማውን ከመጽሐፉ ጋራ ያገናኝ። ደግሞ ልጅ ሲጠይቅ “ዝም በል” አይባል። መጠየቅ ያደርጋል ሊቅ ይባላልና። በቡና ለቀማ ወራትም ለሚፈተን ልጅ ማታ ማታ የማጥኛ ሰዓት ይተውለት፤ ይህ ገንዘብ የማይጠይቅ ርዳታ ነው።

የመልመጃ ጥያቄዎች

1. ከሁለት መንደሮች አንዱ በ1200 ሜትር ከፍ ቢል፥ የሙቀቱ ልዩነት ስንት ዲግሪ ያህል ይሆናል?
2. የቆጮ ጕድጓድ ሳይከደን ቢቀር ምን ይደርሳል? ስለ ምን?
3. በኅዳር 2010 ዓ.ም. የተደረገ ነገር በአውሮጳ አቈጣጠር በስንት ዓመት ይሆናል? በግንቦት 2010 ዓ.ም. የተደረገውስ?
4. ከዲላ ተነሥቶ ወደ ደቡብ የሚሄደው መንገድ በሞያሌ በኩል ወደ የትኛው አገር ያደርሳል? ለንግድ የሚጠቅመው እንዴት ነው?
5. ከየመንደራችሁ አንድ ዕቃ ወይም አንድ ሥራ መርጣችሁ አራቱን ጥያቄዎች ጠይቁበት።

መምህራን ሆይ፥ አምስተኛውን ጥያቄ አትለፉት። ከፈተናው አዳራሽ መምህርም ሽማግሌም አብሮ አይገባም፤ ከልጁ ጋራ የሚገባው የለመደው አጠያየቅ ብቻ ነው።